በእንግሊዝኛ ጥገኛ ዓረፍተ ነገርን ከኃላፊ ጊዜ ግሥ ጋር ስለ መጠቀም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥገኛ ዓረፍተ ነገር የሚባለው የትኛው ነው?

የራሱ ባለቤትና የራሱ ግሥ ያለው፣ ነገር ግን በፊቱ በገባው አያያዥ ቃል ምክንያት ብቻውን ሊቆም የማይችል ክፍል ነው። «ዌን ዘ ሬይን ስቶፕድ» (ዝናቡ ሲያቆም) ያለ ሰው ነገሩን ጀመረ እንጂ አልጨረሰም፤ ሰሚው ቀጣዩን ይጠብቃል። «ዊ ዌንት አውት» (ወጣን) የሚለው ዋና ዓረፍተ ነገር ሲጨመርበት ሐሳቡ ይቋጫል። ጥገኛው ክፍል ጊዜን፣ ምክንያትን ወይም ሁኔታን ሊገልጽ ይችላል፤ እንደ ስም ሆኖ የተባለውን ወይም የታሰበውን ነገር ሊይዝ ይችላል፤ እንደ ቅጽል ሆኖም አንድን ስም ሊያብራራ ይችላል። ከዚህ በታች የሚነሱት ጥያቄዎች ሦስቱንም ይነካሉ፤ የግሡ ጊዜ አመራረጥ በሦስቱ ውስጥ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ለይቶ ማየት ይጠቅማል።

ዋናው ግሥ በኃላፊ ጊዜ ከሆነ የጥገኛው ግሥም በኃላፊ ጊዜ መሆን አለበት?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ በዚህ ነጥብ ላይ ደጋግሞ የሚሰናከለው ደንቡ ከባድ ስለሆነ ሳይሆን የራሱ ቋንቋ ሥራውን በሌላ መንገድ ስለሚሠራ ነው። «ሲመጣ አየሁት» እና «ሲመጣ አየዋለሁ» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። «ሲመጣ» የሚለው ቃል በሁለቱም ውስጥ አንድ ፊደል እንኳን አልተለወጠም፤ ነገሩ ያለፈ ይሁን ገና የሚመጣ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ካለው ማሰሪያ አንቀጽ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን ከሚዘጋው ግሥ ነው። «ከመጣ በኋላ ነገርኩት» እና «ከመጣ በኋላ እነግረዋለሁ» በሚሉትም እንዲሁ ነው፤ «መጣ» የኃላፊ መልክ ይዞ ሳለ በሁለተኛው ውስጥ ስለ ወደፊት ይናገራል። በአጭሩ የአማርኛው ጥገኛ ግሥ ጊዜውን ከማሰሪያው ይዋሳል።

እንግሊዝኛው እንዲህ ያለ ብድር አያውቅም። እያንዳንዱ ግሥ የራሱን የጊዜ ምልክት ይሸከማል፤ ስለዚህ ስላለፈ ነገር ሲነገር «አይ ሶው ሂም ዌን ሂ ኬም» ይባላል፣ «ሶው» እና «ኬም» ሁለቱም በኃላፊ መልክ ናቸው። ተማሪው «አይ ሶው ሂም ዌን ሂ ካምስ» ብሎ ሲጽፍ «ሲመጣ» የሚለውን ቃል በቃል ወስዶ ነው፤ ዋናውን ግሥ ኃላፊ ካደረገው በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ረጅም ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ስሕተቱ ይበልጥ ይታያል፤ ዋና ዋናዎቹ ግሦች በትክክል ኃላፊ ሆነው ሳሉ ከ«ዌን»፣ ከ«ቢኮዝ» እና ከ«ኢፍ» በኋላ የሚመጡት ግሦች ወደ አሁን ጊዜ ያፈገፍጋሉ። ጽሑፍን ለማረም ጠቃሚ የሚሆነው ዘዴም ከዚሁ ይመነጫል፦ ዋናዎቹን ግሦች ትቶ ከአያያዥ ቃላቱ ቀጥሎ ያሉትን ብቻ እየለቀሙ ማየት ነው።

ከ«ዌን» በኋላ ሲምፕል ፓስት ወይስ ፓስት ፐርፌክት?

ሲምፕል ፓስት ተራው የኃላፊ መልክ ነው (ለምሳሌ «ሌፍት»)፤ ፓስት ፐርፌክት ደግሞ «ሃድ» የሚቀድመው መልክ ነው («ሃድ ሌፍት»)። ምርጫውን የሚወስነው ሁለቱ ድርጊቶች በጊዜ እንዴት እንደተሰለፉ ነው። «ዌን ሺ አራይቭድ፣ ሂ ሌፍት» ቢባል እሷ ስትደርስ እሱ ሄደ ማለት ነው፤ መድረሷና መሄዱ ተከታትለዋል፣ ምናልባትም የሄደው እሷ ስለደረሰች ነው። «ዌን ሺ አራይቭድ፣ ሂ ሃድ ሌፍት» ቢባል ግን ስትደርስ እሱ ሄዶ ነበር፤ አልተገናኙም። ፓስት ፐርፌክት ሥራው ይኸው ነው፤ ካለፈው ጊዜ በፊት ያለፈውን ለይቶ ያሳያል።

አማርኛው «ሄዶ ነበር» የሚል ሩቅ ኃላፊ ስላለው እዚህ ላይ ጥሩ ድጋፍ ይሰጣል፤ ነገር ግን ድጋፉን እስከ መጨረሻው ማመን አይገባም። «ትናንት ደውዬልህ ነበር» ስንል ከመደወሉ በኋላ የተፈጸመ ሌላ ያለፈ ድርጊት አልጠቀስንም፤ መደወላችንን ብቻ ነው ያስታወስነው። በእንግሊዝኛ ይህ «አይ ኮልድ ዩ የስተርደይ» ነው። «ነበር» በታየበት ቦታ ሁሉ «ሃድ» የሚያስገባ ተማሪ የእንግሊዝኛ አንባቢው ያልተጻፈ ሌላ ድርጊት እንዲፈልግ ያደርገዋል።

«አፍተር» እና «ቢፎር» ካሉስ ፓስት ፐርፌክት የግድ ነው?

የግድ አይደለም። ቀዳሚውና ተከታዩ በአያያዡ ቃል በራሱ ስለታወቁ «አፍተር ሂ ፊኒሽድ ዘ ሌተር፣ ሂ ዌንት ቱ ቤድ» (ደብዳቤውን ከጨረሰ በኋላ ተኛ) ማለት ትክክል ነው፤ «አፍተር ሂ ሃድ ፊኒሽድ» ቢባልም ትክክል ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያው ድርጊት ሙሉ በሙሉ መጠናቀቁን ያጠብቃል፣ ከዚያ ያለፈ ልዩነት የለውም። በእኔ አስተያየት ጀማሪ ጸሐፊ ሲምፕል ፓስትን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ በአንድ አንቀጽ ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ «ሃድ» የተደረደረበት ታሪክ ወደ ፊት መሄድ ትቶ ወደ ኋላ የሚጎተት ይሆናል።

ስለ «ቢፎር» አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። አማርኛ «ሳይመሽ ደረስን» ብሎ በአሉታ የሚናገረውን እንግሊዝኛ በአዎንታ ይናገረዋል፦ «ዊ አራይቭድ ቢፎር ኢት ጎት ዳርክ»። ከ«ቢፎር» በኋላ «ዲድ ኖት» ማስገባት የ«ሳይ-»ን አሉታ ወደ እንግሊዝኛው ማሻገር ነው፤ ትርጉሙንም ያበላሸዋል።

«ዋይል» መቼ ይመረጣል?

አንድ ድርጊት በመካሄድ ላይ ሳለ ሌላ አጭር ድርጊት ጣልቃ ሲገባበት፣ ረጅሙ ድርጊት በፓስት ኮንቲኒየስ («ዎዝ» ወይም «ዌር» ከ«-ኢንግ» ጋር) ሆኖ ከ«ዋይል» ቀጥሎ ይቀመጣል፤ አጭሩ ሲምፕል ፓስት ይሆናል። «ዋይል አይ ዎዝ ሪዲንግ፣ ዘ ፎን ራንግ» (እያነበብኩ ሳለ ስልኩ ጮኸ)። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ «አይ ዎዝ ሪዲንግ ዌን ዘ ፎን ራንግ» ማለትም ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ «ዌን» ከአጭሩ ድርጊት ጋር መሄዱን ልብ ይሏል። ሁለቱም ድርጊቶች ረጅምና ጎን ለጎን የሚሄዱ ከሆኑ ሁለቱንም በፓስት ኮንቲኒየስ ማድረግ ይቻላል። ማወቅን፣ መፈለግን፣ ማመንንና የመሳሰሉትን የሚገልጹ ግሦች ግን በተለመደው አጠቃቀማቸው «-ኢንግ» አይወስዱም፤ «ዋይል አይ ዎዝ ኖዊንግ ሂም» አይባልም፣ «ዌን አይ ኒው ሂም» ይባላል።

ጥገኛው ክፍል ከፊት ነው ወይስ ከኋላ የሚቀመጠው?

በሁለቱም ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። ከፊት ከመጣ በኋላው ኮማ ይደረጋል፤ ከኋላ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ኮማ አያስፈልግም። የግሡ ጊዜ በቦታው ምክንያት አይለወጥም።

«ኦልዞው» ብሎ ጀምሮ «በት» ብሎ መቀጠል ለምን ስሕተት ይሆናል?

በአማርኛ «ምንም እንኳን ቢደክመውም ነገር ግን ሥራውን ጨረሰ» ማለት ስለተለመደ ነው ጥያቄው የሚነሳው። እንግሊዝኛ ለአንድ ግንኙነት አንድ አያያዥ ይበቃዋል፦ «ኦልዞው ሂ ዎዝ ታይርድ፣ ሂ ፊኒሽድ ዘ ወርክ»፤ ወይም «ሂ ዎዝ ታይርድ፣ በት ሂ ፊኒሽድ ዘ ወርክ»። «ቢኮዝ» (ምክንያቱም) እና «ሶው» (ስለዚህ) በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተጣምረው የሚመጡበትም ስሕተት ከዚሁ ጋር አንድ ነው።

ቦዝ አንቀጽን፣ ለምሳሌ «ተነሥቶ፣ ለብሶ፣ ወጣ» የሚለውን፣ እንዴት ልግለጸው?

አማርኛ ተከታታይ ድርጊቶችን በቦዝ አንቀጽ እያያዘ አንድ ማሰሪያ ላይ ያሳርፋቸዋል። ይህን አሠራር ይዞ ወደ እንግሊዝኛ የሚሄድ ተማሪ «ሂ ጌቲንግ አፕ፣ ድሬሲንግ፣ ዌንት አውት» ብሎ ይጽፋል፤ ይህም ለእንግሊዝኛ አንባቢ የተሰበረ ዓረፍተ ነገር ነው። ቀላሉ መፍትሔ ሁሉንም ግሦች እኩል ኃላፊ አድርጎ በ«ኤንድ» ማያያዝ ነው፦ «ሂ ጎት አፕ፣ ጎት ድሬስድ ኤንድ ዌንት አውት»። አንደኛው ድርጊት ለሌላው መነሻ ወይም ቅድመ ሁኔታ መሆኑ እንዲታይ ከተፈለገ ደግሞ «አፍተር ሂ ጎት ድሬስድ፣ ሂ ዌንት አውት» ይባላል።

መደበኛ በሆነ ጽሑፍ «ሃቪንግ ፊኒሽድ ሂዝ ወርክ፣ ሂ ዌንት ሆም» (ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሄደ) የሚል አጻጻፍም አለ፤ ለቦዝ አንቀጹ እጅግ የሚቀርበው ይህ ነው። ነገር ግን ጥብቅ ገደብ አለበት፦ የሁለቱ ድርጊቶች ባለቤት አንድ መሆን አለበት። አማርኛ «እሱ መጥቶ እኔ ሄድኩ» ማለትን ይፈቅዳል፤ በእንግሊዝኛ ግን ባለቤቶቹ ከተለያዩ ወደ «አፍተር ሂ ኬም፣ አይ ሌፍት» መመለስ ይሻላል።

ሰው የተናገረውን ስናስተላልፍ ግሡ ለምን ወደ ኋላ ይሄዳል?

ከሁሉም በላይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ይህ ጥያቄ ነው። አማርኛ የሌላውን ሰው ንግግር የሚያስተላልፈው በተናጋሪው አፍ እንደወጣ አድርጎ ነው፦ «እመጣለሁ አለ»፣ «ታምሜአለሁ አለች»። የሚመጣው እሱ፣ የታመመችው እሷ መሆናቸውን ሁሉም ይረዳል። በእንግሊዝኛ ቃል በቃል «ሂ ሴድ ዛት አይ ዉድ ካም» ቢባል ግን የሚመጣው «እኔ»፣ ማለትም ወሬውን የሚያወራው ሰው ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያ ተውላጠ ስሙ ይለወጣል፤ ቀጥሎ ግሡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፦ «ሂ ሴድ ዛት ሂ ዉድ ካም»፣ «ሺ ሴድ ዛት ሺ ዎዝ ሲክ»።

ወደ ኋላ የሚሄድበት ምክንያት ንግግሩ የሚታየው ወሬው ከሚነገርበት ጊዜ ላይ ቆመን በመሆኑ ነው። «አለ» ያለፈ ስለሆነ ያኔ «አሁን» የነበረው ለእኛ «ያኔ» ሆኗል። በዚህም «ኢዝ» ወደ «ዎዝ»፣ «ሃቭ» ወደ «ሃድ»፣ «ዊል» ወደ «ዉድ»፣ «ካን» ወደ «ኩድ»፣ «ሜይ» ወደ «ማይት» ይለወጣሉ። «መስት» ብዙ ጊዜ «ሃድ ቱ» ይሆናል፣ ሳይለወጥ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። «ዉድ»፣ «ኩድ»፣ «ሹድ» እና «ማይት» ግን ከዚህ በላይ የሚሄዱበት ስለሌላቸው ባሉበት ይቆያሉ። ከግሡ ጋር የጊዜ ቃላቱም ይነሣሉ፤ ወሬው የሚነገረው በሌላ ቀን ከሆነ «ቱሞሮው» (ነገ) የነበረው «ዘ ኔክስት ደይ» (በማግስቱ) ይሆናል።

ንግግሩ ራሱ ስላለፈ ነገር ከሆነ ሲምፕል ፓስት ወደ ፓስት ፐርፌክት ይለወጣል፤ «ታምሜ ነበር አለች» የሚለው «ሺ ሴድ ዛት ሺ ሃድ ቢን ሲክ» ይሆናል። «ሺ ዎዝ ሲክ» ብሎ መተው ያኔም ታማ እንደነበር ስለሚያስመስል እዚህ ላይ ለውጡ ዋጋ አለው። ትርጉሙ በማይምታታበት ቦታ ግን ሲምፕል ፓስቱን እንዳለ መተው የተለመደ ነው።

ግሡን ወደ ኋላ መመለስ የማያስፈልግበት ጊዜ አለ?

አለ። የተባለው ነገር ዛሬም የማይለወጥ እውነት ከሆነ በአሁን ጊዜ ሊተው ይችላል፦ «ዘ ቲቸር ሴድ ዛት ዘ አርዝ ጎውዝ ራውንድ ዘ ሰን» (መምህሩ መሬት ፀሐይን እንደምትዞር ተናገረ)። «ዌንት» ብሎ መመለስም ስሕተት አይደለም። የተነገረው ነገር አሁንም እንደጸና የሚቆጠር ከሆነ፣ ለምሳሌ ሰውየው ዛሬም እዚያው የሚኖር ከሆነ፣ ምርጫው የጸሐፊው ነው፤ ጸሐፊው ለነገሩ እውነትነት ኃላፊነት መውሰድ ካልፈለገ ወደ ኋላ መመለሱ ይመረጣል። ፈተና የሚወስድ ተማሪ ሁለቱም አማራጮች ከቀረቡለትና የተለየ ፍንጭ ከሌለ የተመለሰውን መልክ ቢይዝ አደጋው አነስተኛ ነው።

«የት እንደምኖር ጠየቀችኝ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይጻፋል?

«ሺ አስክድ ሚ ዌር አይ ሊቭድ» ይባላል። «ሺ አስክድ ሚ ዌር ዲድ አይ ሊቭ» የሚለው በጽሑፍ ተቀባይነት የለውም፤ ጥያቄው በጥገኛ ክፍል ውስጥ ከገባ በኋላ ጥያቄነቱን ትቶ የ«ጠየቀች» ተሳቢ ስለሚሆን «ዲድ» ይወጣል፣ ባለቤቱም ከግሡ በፊት ወደ ነበረበት ቦታ ይመለሳል፣ የጥያቄ ምልክቱም ይቀራል። መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚሆን ጥያቄ ሲሆን «ኢፍ» ወይም «ዌዘር» ይገባል፦ «ሂ አስክድ ኢፍ አይ ዎዝ ሬዲ» (ዝግጁ መሆኔን ጠየቀኝ)።

በጥገኛው ውስጥ አሉታ ሲኖር ግሡ ኃላፊ ሆኖ ይቀጥላል?

የኃላፊ ጊዜ ምልክቱን «ዲድ» ስለሚወስደው ዋናው ግሥ ወደ መሠረታዊ መልኩ ይመለሳል፦ «ቢኮዝ ሂ ዲድ ኖት ኖው» ይባላል እንጂ «ዲድ ኖት ኒው» አይባልም።

«ቤት ስደርስ እደውላለሁ አለ» የሚለውን ስጽፍ «ዉድ» ሁለት ጊዜ ይገባል?

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገባው፦ «ሂ ሴድ ዛት ሂ ዉድ ኮል ዌን ሂ ጎት ሆም»። እንግሊዝኛ ስለ ወደፊት በሚናገርበት ጊዜ ከ«ዌን»፣ ከ«አፍተር»፣ ከ«አንቲል» እና ከ«አዝ ሱን አዝ» በኋላ በጊዜ ትርጉማቸው «ዊል» አያስገባም፤ «ዌን አይ ጌት ሆም» ይላል። ያ የአሁን ጊዜ መልክ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚሆነው ሲምፕል ፓስት ነው፣ ስለዚህም «ጎት» መጣ።

ከ«ኢፍ» በኋላ ኃላፊ ግሥ ሲመጣ ነገሩ የግድ ያለፈ ነው?

አይደለም። «ኢፍ አይ ኒው ዘ አንሰር፣ አይ ዉድ ቴል ዩ» ሲባል «ኒው» መልኩ ኃላፊ ቢሆንም ጊዜው አሁን ነው፤ መልሱን አሁን አላውቅም፣ ባውቅ ግን እነግርህ ነበር ማለት ነው። ኃላፊው መልክ እዚህ ላይ የሚያሳየው ነገሩ ከእውነታ መራቁን ነው። ነገሩ በእርግጥ ያለፈና ያልሆነ ከሆነ አንድ እርምጃ ተጨምሮ ፓስት ፐርፌክት ይገባል፦ «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን ዘ አንሰር፣ አይ ዉድ ሃቭ ቶልድ ዩ»።

ችግሩ አማርኛው ለሁለቱም «ባውቅ ኖሮ እነግርህ ነበር» ማለቱ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ከአውዱ ስለሆነ፣ ወደ እንግሊዝኛ ከመሻገር በፊት «ይህ አሁን ነው ወይስ ያኔ?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው። በተረፈ «ዉድ» በዋናው ክፍል እንጂ ከ«ኢፍ» ቀጥሎ እንደማይቀመጥ፣ በመደበኛ ጽሑፍም «ኢፍ አይ ዎዝ ዩ» ሳይሆን «ኢፍ አይ ዌር ዩ» እንደሚመረጥ መያዝ ይበቃል።

ሁሉም «ኢፍ» ግን ከእውነታ የራቀ አይደለም። «ኢፍ ኢት ሬይንድ፣ ዊ ስቴይድ ኢንሳይድ» ቢባል ያለፈ ልማድ ነው፤ በዘነበ ቁጥር ቤት ውስጥ እንቆይ ነበር ማለት ነው። በዋናው ክፍል «ዉድ» አለመኖሩ መለያው ነው፤ እርግጥ «ዉድ» ራሱ የልማድ ትርጉም ሊኖረው ስለሚችል አውዱን ማየት አይቀርም።

ከ«ሲንስ» ጋር ሁለቱ ግሦች ለምን ይለያያሉ?

«አይ ሃቭ ኖውን ሂም ሲንስ ዊ ዌር ቺልድረን» (ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ) በሚለው ውስጥ ጥገኛው የመነሻውን ነጥብ ስለሚጠቁም ሲምፕል ፓስት ነው፤ ዋናው ግን ከዚያ ነጥብ ተነሥቶ እስከ አሁን ስለሚዘልቅ ፕረዘንት ፐርፌክት («ሃቭ» ወይም «ሃዝ» የሚቀድመው መልክ) ሆነ። አማርኛው «አውቀዋለሁ» ስላለ ብቻ «አይ ኖው ሂም ሲንስ» ማለት አይገባም።

«የገዛሁት መጽሐፍ» ዓይነት ቅጽላዊ ክፍልስ?

በእንግሊዝኛ ገላጩ ክፍል ከስሙ በኋላ ይመጣል፦ «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት»። «የገዛሁት» በሚለው መጨረሻ ላይ ያለው «-ት» መጽሐፉን የሚያመለክት በመሆኑ ተማሪው «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት» ብሎ ትርፍ «ኢት» ይጨምራል፤ «ዛት» ራሱ መጽሐፉን ስለወከለ «ኢት» መውጣት አለበት። ይህ ስሕተት ቋንቋውን በሚገባ በሚናገሩ ሰዎች ጽሑፍ ውስጥም ይገኛል።

የጊዜው ምርጫ ከ«ዌን» ጋር እንዳየነው ነው። በገላጩ ክፍል ያለው ድርጊት ከዋናው ቀድሞ የተፈጸመ መሆኑን ማሳየት ካስፈለገ ፓስት ፐርፌክት ይገባል፦ «ሺ ሎስት ዘ ሪንግ ዛት ኸር ማዘር ሃድ ጊቭን ኸር» (እናቷ የሰጠቻትን ቀለበት ጣለች)።

ዋናው ግሥ ኃላፊ ሆኖ ሳለ ጥገኛው ምንም የጊዜ ምልክት የማይይዝበት ሁኔታ አለ?

አንድ አለ፤ ብዙ ጊዜ እንደ ስሕተት ይታያል እንጂ ትክክል ነው። ሐሳብ ማቅረብን፣ መጠየቅን ወይም አጥብቆ ማሳሰብን ከሚገልጹ እንደ «ሳጀስት»፣ «ዲማንድ»፣ «ሪኮመንድ» እና «ኢንሲስት» ካሉ ግሦች በኋላ ጥገኛው ግሥ በመሠረታዊ መልኩ ሊቀመጥ ይችላል። «ዘ ዶክተር ሪኮመንድድ ዛት ሂ ሬስት» (ሐኪሙ እንዲያርፍ መከረ) ሲባል «ሬስት» ላይ የኃላፊም የሦስተኛ መደብም ምልክት የለም፤ አሉታውም «ዛት ሂ ኖት ሬስት» ይሆናል። በብሪታንያ እንግሊዝኛ በዚሁ ቦታ «ዛት ሂ ሹድ ሬስት» ማለት የተለመደ ነው። «ኢንሲስት» ግን ሁለት ፊት አለው፦ «ሂ ኢንሲስትድ ዛት ሺ ስቴይ» ካልን እንድትቆይ አጥብቆ ጠየቀ፤ «ሂ ኢንሲስትድ ዛት ሺ ስቴይድ» ካልን ደግሞ ቆይታለች ብሎ ተከራከረ፤ ሁለተኛው ስለ ሆነ ነገር የሚናገር ስለሆነ የተለመደውን የጊዜ ደንብ ይከተላል።